በመስከረም የሚያስነጥሰው ሕፃን፤ ስለ አበባ ብናኝ ሕመም ለወላጆችና ለመምህራን የተሰጠ ትምህርት

ክረምቱ አልፎ የጦሳ ተራራ ከጉም ሲገለጥ፣ የሆጤ ሜዳ ዳርቻ በሣር ሲለመልምና አደይ አበባ በየማሳው ጠርዝ ሲፈነዳ የደሴ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ይሁን እንጂ ይህ ያማረ ወራት የማይስማማቸው ሕፃናት በየሠፈሩ አሉ። ጠዋት ከመኝታቸው ተነሥተው ገና ወደ ደጅ ብቅ ሲሉ ያስነጥሳቸዋል። እናት በመጀመሪያው «እደግ» ብላ ትመርቃለች፤ በሁለተኛውም በሦስተኛውም እንዲሁ፤ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ግን ምርቃቱ ቀርቶ ሥጋት ይተካል። አፍንጫው እንደ ምንጭ ውኃ ይፈስሳል፤ ዓይኑ ይቀላል፤ ሕፃኑም በመዳፉ አፍንጫውን ከታች ወደ ላይ እያሸ ቀኑን ይውላል።

ትምህርቴን በውጭ አገር ፈጽሜ በተመለስሁበት ዓመት፣ በሆጤ ሠፈር የምትኖር አንዲት እናት አንደኛ ክፍል የገባ የስድስት ዓመት ልጇን ይዛልኝ መጣች። «ሐኪም፣ ይኸ ልጅ ብርዱ ካጥንቱ አልወጣ አለው» አለችኝ። እኔም አየሁትና ጉንፋን ነው ብዬ ለሰባት ቀን የሚወሰድ አሞክሲሲሊን አዘዝሁለት። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ ስትመጣ ሌላ የተሐዋስያን መድኃኒት ጨመርሁ። ሁለቱም ያለ ጥቅም የተሰጡ ነበሩ፤ ስሕተቱም የእኔ እንጂ የሌላ የማንም አይደለም። በሦስተኛው ጊዜ እናቲቱ ራስዋ መንገዱን አሳየችኝ። «አምናም በመስቀል ሰሞን እንዲሁ ነበር፤ ካቻምናም ጀማምሮት ነበር። ጥር ሲገባ ግን እንዳልነበረ ሆኖ ይቀራል» አለች። ይህ አንድ ቃል በጆሮዬ ላይ ካንጠለጠልሁት መሣሪያ ይልቅ ብዙ ነገረኝ። ጉንፋን የዘመን መቁጠሪያ አያውቅምና፤ በየዓመቱ በአንድ ወር መጥቶ በአንድ ወር የሚሄድ ከሆነ ምክንያቱን ከደጅ መፈለግ ያስፈልጋል።

እናቲቱ ስትሄድ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረች፤ መምህሩ ልጁ አፉን ከፍቶ እንደሚቀመጥ፣ በአፍንጫው እየሳበ ሌሎቹን እንደሚያውክ፣ ትምህርቱንም እንደማያዳምጥ ነግረው ወደ ኋላኛው ወንበር አዛውረውት ነበር። ይህን ጽሑፍ ከወላጆች ጋር ለመምህራንም ጭምር ማዘጋጀቴ በዚሁ ምክንያት ነው። በአገራችን ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወርና ይህ ሕመም የሚበረታበት ወር አንድ ናቸው፤ መምህሩ ሕፃኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀው ከዓመቱ ሁሉ በከፋው ጊዜው ነው ማለት ነው።

ሕመሙን እንግሊዞች «የድርቆሽ ትኩሳት» ብለው ሰይመውታል። ስሙ በሁለት በኩል ስሕተት ነው፤ ከድርቆሽ የሚመጣ አይደለም፣ ትኩሳትም የለውም። በሕክምና መጽሐፍ መጀመሪያ ጥርት አድርጎ የገለጸው ጆን ቦስቶክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ በ1819 በለንደን ለሐኪሞች ማኅበር ሲያስረዳ የተረከው የሌላ ሕመምተኛ ታሪክ ሳይሆን ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ በየበጋው ያሠቃየውን የራሱን ሕመም ነበር። (የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በዚህ ጽሑፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ምክንያቱ ግን እስከ 1873 ድረስ በግልጽ አልታወቀም። በዚያ ዓመት ቻርልስ ብላክሊ የተባለ የማንቸስተር ሐኪም የምርምር መጽሐፉን አሳተመ። እርሱም የዚሁ ሕመም ባለቤት ስለ ነበረ የሣር አበባ ብናኝ በጫረው ቆዳው ላይ እየነሰነሰ ማበጡን ተመለከተ፤ አጣባቂ ነገር የተቀባ መስተዋት በልጆች መጫወቻ ካይት ወደ ሰማይ እየሰደደ በከፍተኛው አየር ውስጥ እንኳ ብናኝ መኖሩን አረጋገጠ። «አለርጂ» የሚለውን ዛሬ የከተማ ሰው ሁሉ የሚናገረውን ቃል የፈጠረው የቪዬናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው፤ ጊዜውም 1906 ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ አሠራር እንግባ። የሣር ብናኝ እጅግ ደቃቅ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር በምታህል ርዝመት ላይ ሠላሳ ያህል ፍሬ ሊደረደር ይችላል። ከሣሩ ወደ ሣር እንዲደርስ ለነፋስ የተሰጠ ዘር ስለ ሆነ በአየር ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ከምንተነፍሰውም አየር ጋር ወደ አፍንጫችን ይገባል። በአብዛኛው ሰው ላይ ምንም አያደርስም። በአንዳንዱ ሕፃን ገላ ውስጥ ግን የሰውነቱ ዘበኞች ይህን ምንም የማይጎዳ እንግዳ እንደ ጠላት ይመዘግቡታል። በመጀመሪያው ዓመትና በሁለተኛው ዓመት ዝም ብለው መዝገቡን ያዘጋጃሉ፤ ይህም በ1966 የታወቀው አይ ጂ ኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከዚያ በኋላ ብናኙ ሲመጣ በአፍንጫና በዓይን ሽፋን ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ሂስታሚን የሚባለውን ቅመም ይለቅቃሉ፤ ማሳከኩ፣ ማስነጠሱ፣ ውኃ ማፍሰሱና ማበጡ ሁሉ የእርሱ ሥራ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ የማይያዘውም መዝገቡ ገና ስላልተጻፈ ነው። አባት ወይም እናት አስም፣ የቆዳ ማሳከክ ወይም ይኸው የአፍንጫ ሕመም ያለባቸው ከሆነ በልጁ ላይ የመታየቱ ነገር ይበዛል።

ሰው ሁሉ በዚህ ወራት የሚከሰው አደይ አበባን ነው። እኔ ግን ለአደይ ጠበቃ ልቆምለት እወዳለሁ። ያማረ ቀለም ያለው አበባ ቀለሙን ያበጀው ንብ እንድትጎበኘው ነው፤ ብናኙም በንብ እግር ላይ እንዲጣበቅ ወፍራምና አጣባቂ ስለ ሆነ በነፋስ እምብዛም ርቆ አይሄድም። ባሕር ዛፍም እንዲሁ በአብዛኛው የንብ ወዳጅ ነው። ሕፃኑ አበባውን ቀጥፎ አፍንጫው ላይ ካልደቀነው በቀር ዋናው ወንጀለኛ ማንም ቀና ብሎ የማያየው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው የሣር አበባ ነው። በሠፈራችን አጥር ሥር፣ በመቃብር ቦታ፣ በሜዳው ዳርቻ ሳይታጨድ የሚያድገው ሣር በመስከረምና በጥቅምት አናቱ ላይ የሚያወጣው ያ ግራጫ ዘለላ አበባው ነው። በእጅ ቢመቱት ጢስ የመሰለ ነገር ይበናል።

ወደ ኮምቦልቻ ለወረደ ሰው ሌላ ጠላት ይጨመራል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስትል ኮምቦልቻ ግን ከ1,900 ሜትር በታች ናት፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን በመንገዱ ዳር፣ በቦርከና ወንዝ አጠገብና በባዶ ቦታ ሁሉ ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያለው አረም እናያለን። ሕዝቡ አበባውን አይቶ «ቅንጬ አረም» ብሎታል። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ወደ አገራችን ከእርዳታ እህል ጋር ተደባልቆ እንደ ገባ ይታመናል፤ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት በሐረርጌ በኩልና በእኛው በወሎ በቆቦ አካባቢ ታየ። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ስለሚችል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፊ ቦታ ያዘ። ይህ አረም በሰብልና በከብት ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ብናኙ አፍንጫንና ደረትን፣ ቅጠሉም ቆዳን ያስቆጣል። በዚህ ላይ ለመምህራን አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። አረሙን ለመንቀል የትምህርት ቤት ልጆችን ማሰለፍ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ዓላማው መልካም ቢሆንም ሕፃናት በባዶ እጃቸውና በተከፈተ አፍንጫ ያበበ ቅንጬ አረም ሊነቅሉ አይገባም። መነቀል ያለበት ሳያብብ ነው፤ የሚነቅለውም ጓንት ያደረገና አፍና አፍንጫውን የሸፈነ አዋቂ ሰው ይሁን። የሚያስነጥሰው ወይም አስም ያለበት ልጅ ከሥራው ጨርሶ ይቅር።

ከጉንፋን የሚለይበት

ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በቤት ውስጥ አንዱ ሲያዝ ሌላውም ይከተላል፤ ብዙውን ጊዜ በሕፃን ላይ ትኩሳት ያመጣል፤ ንፍጡ እየወፈረ ይሄዳል፤ በሰባት ወይም በአሥር ቀን ውስጥም ያልፋል። የአበባ ብናኝ ሕመም ግን ትኩሳት የለውም፤ ንፍጡ እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ ያሳክካል፤ ሳምንታትም ይቆያል። ሕፃን «ያሳክከኛል» ብሎ መናገር ባይችል እጁ ይናገርለታል፤ ከላይ የጠቀስሁት አፍንጫን በመዳፍ ወደ ላይ ማሸት ከመደጋገሙ የተነሣ በአፍንጫው ላይ አግድም መስመር እስከ ማውጣት ይደርሳል። ከዓይኑ ሥርም እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ይጠቁራል። እንዲያውም እንቅልፍ አጥቷል፤ አፍንጫው ስለሚታፈን ሌሊቱን በአፉ ሲተነፍስ ያድራል። መምህሩ «ሰነፍ» ያሉት ልጅ ያልተኛ ልጅ ነበር።

ዓመቱን ሙሉ የሚያስነጥሰው ልጅ ካለ ደግሞ ምክንያቱ ከሣር ይልቅ በቤት ውስጥ ያለ አቧራ፣ ሻጋታ፣ ድመት ወይም በረሮ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ከሁሉ የሚበልጥ ዘዴ ዋጋ የለውም፤ በግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ልጁን ባስነጠሰው ቀን ሁሉ አንድ ምልክት ማድረግ ነው። ሦስት ወር ሲሞላ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣ ወላጅ የሐኪሙን ሥራ እኩሌታውን ሠርቶለታል።

አንድ አፍንጫ ብቻ የሚያፈስስና የሚሸት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሕፃናት ሽምብራና ዶቃ ወደ አፍንጫቸው ይከታሉና ፈጥኖ መታየት ይገባዋል።

በቤት ስለሚደረገው ጥንቃቄ

ልጁን ከአየር መከልከል አይቻልም፤ ከጨዋታ መከልከልም አልመክርም። የሚቻለው ብናኙ ተከትሎት ወደ መኝታው እንዳይገባ ማድረግ ነው። ከጨዋታ ሲመለስ ፊቱንና እጁን በውኃ ይታጠብ፤ ልብሱን ይለውጥ፤ ከመኝታው በፊትም ጸጉሩ ይታጠብ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይታበስ። በአገራችን የታጠበ ልብስን በሣር ላይ ማስጣት ልማድ ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት ግን የዚህ ልጅ አንሶላና ልብስ በሣር ላይ ከተሰጣ ብናኙን ለቅሞ ወደ አልጋው ይዞለት ይገባል። በዚህ ወራት ልብሱ በቤት ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ በገመድ ይድረቅ። ለበዓል የሚጎዘጎዘውም ለምለም ሣር ልጁ ከሚተኛበት ክፍል ይራቅ። ፀሐይ ወጥታ ጤዛውን ካደረቀች በኋላና ነፋስ በሚበረታበት ሰዓት መስኮቱ ይዘጋ፤ ዝናብ ሲዘንብ ብናኙ ስለሚረግፍ ያን ጊዜ ይከፈት። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በአፍንጫው ቀዳዳ ዙሪያ ስስ ቫዝሊን ቢቀባ ከብናኙ ጥቂቱን አጣብቆ ያስቀራል።

ጢስ ብናኝ አይደለም፤ ነገር ግን የቆሰለውን አፍንጫ ይበልጥ ያቆስለዋል። ልጁ ከማገዶና ከከሰል ጢስ፣ ከሲጋራም ይራቅ። ዕጣኑ ጨርሶ ይቅር አልልም፤ በወሎ እንዲህ ያለ ሰው ቡና የሚያጠጣው አያገኝም። ይሁን እንጂ በዚህ ወራት ዕጣኑ ልጁ ከሌለበት ክፍል ይጢስ።

አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ ያለ ምንም መድኃኒት ብዙ ይረዳል። ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉ ቤተ ሰቦች ውኃን በአፍንጫ ስቦ ማውጣትን ከልጅነታቸው ስለሚያውቁት ይህን ለልጆቻቸው ለማስተማር አይቸገሩም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ውኃ ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። በግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ንጹሕ ጨው ይሟሟ። ለትንሽ ልጅ በንጹሕ ጠብታ ማድረጊያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ፣ አንገቱን ወደ ፊት አዘንብሎ በቀስታ ማጠብ ነው። ውኃው በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። የዳማከሴ ጭማቂን በሕፃን አፍንጫ መጨመር ግን አይገባም። እናቶቻችን ለምች ሲጠቀሙበት መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ይህ ምች አይደለም፣ የቆሰለ ሽፋን ላይ የሚያቃጥል ነገር መጨመርም ማስነጠሱን ያብሰዋል።

ስለ ዓይን ለየት ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲያሳክከው ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ነክሮ በተከደነው ዓይኑ ላይ ማድረግ ያሳርፈዋል። ጨርቁ የእርሱ ብቻ ይሁን፤ ትራኮማ የሚተላለፍበት አንዱ መንገድ የጋራ ፎጣና ነጠላ መሆኑን በየጊዜው ተናግረናል። የልጁ ዓይን ቢጫ ዓይናር ካወጣ፣ ብርሃን ማየት ካቃተው ወይም ካመመው ይህ የብናኝ ሕመም ብቻ ነው ብሎ መተው አይገባም። ኮርቲዞን ያለበትን የዓይን ጠብታ ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ ገዝቶ መጨመር ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው፤ መቅላቱን በአንድ ቀን ያጠፋል፣ ሲዘወተር ግን የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ብርሃንን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ስለ መድኃኒቶች

የሂስታሚንን ሥራ የሚከለክሉ መድኃኒቶች አሮጌና አዲስ ተብለው በሁለት ይከፈላሉ። አሮጌዎቹ እንደ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉት ማስነጠሱን ያቆማሉ፤ ነገር ግን ልጁን ያስተኙታል። ፕሮሜታዚን ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከቶ አይሰጥም፤ ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። «ልጁ እንዲተኛልኝ» ብሎ ሽሮፑን መስጠት ያለበትን አደጋ እናቶች ሁሉ ይወቁ። አዲሶቹ፣ ሴቲሪዚንና ሎራታዲን፣ እምብዛም ስለማያስተኙ ለተማሪ የሚሻሉት እነርሱ ናቸው፤ መጠኑን ግን በልጁ ዕድሜና ክብደት ሐኪም ይወስን። በ2007 በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ጥናት በብናኝ ሕመም የሚሠቃዩ ተማሪዎች ከክረምት ፈተናቸው ይልቅ የሣር አበባ በሚበዛበት በበጋው ፈተና ውጤታቸው እንደሚወርድ፣ የሚያስተኛውን መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ ይበልጥ እንደሚወርዱ አሳይቷል።

ሕመሙ የበረታበት ልጅ በአፍንጫ የሚነፋ የስቴሮይድ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ሞሜታሶን ከሁለት ዓመት፣ ፍሉቲካሶን ከአራት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ብዙ ወላጆች ይህን መድኃኒት «አልሠራም» ብለው በሦስተኛው ቀን ይጥሉታል። ምክንያቱ መድኃኒቱ ዕለቱን የሚሠራ አለመሆኑ ነው፤ በየቀኑ ሲወሰድ ከቀናት በኋላ ኃይሉ ይታያል። አነፋፉም ይታወቅ። ልጁ ራሱን ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል፤ የጠርሙሱ ጫፍ ወደ መካከለኛው የአፍንጫ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ወደ ዓይኑ ጥግ ያመልክት፤ ከዚያ በቀስታ ይሳብ። ወደ መካከል ከተነፋ ያነስራል። አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱት ጠብታዎች ግን ለሕፃን አይሆኑም፤ ከጥቂት ቀን በላይ ሲወሰዱ አፍንጫው ያለ እነርሱ አልከፈት ይላል።

መምህሩ ሊያደርጉት የሚችሉት

ልጁ ከመስኮቱና ከጠመኔው አቧራ ይራቅ እንጂ ወደ ኋላ አይሂድ። መሐረብ ይኑረው፤ ሲያስነጥሰው ወጥቶ ፊቱን እንዲታጠብ ሳይጠይቅ ይፈቀድለት። ሕመሙ እንደማይተላለፍ ለክፍሉ ቢነገር ጓደኞቹ አይሸሹትም። ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት የብላክሊን ሥራ ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ በትንሽ መስተዋት ላይ ስስ ቫዝሊን ቀብቶ አንድ ቀን በመስኮት ላይ ማስቀመጥና ማግሥቱን መመልከት ነው። ተማሪዎቹ በጓደኛቸው አፍንጫ የሚገባውን ነገር በዓይናቸው ካዩ በኋላ አያሾፉበትም። በአካል ማሠልጠኛ ሰዓት በታጨደ ሣር ላይ ከመንከባለል ይልቅ ሌላ ጨዋታ ይሰጠው።

አንድ ነገር ግን ሊዘነጋ አይገባም። አስም ካለባቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ይህ የአፍንጫ ሕመምም አለባቸው፤ አፍንጫና ሳንባ አንድ መንገድ ናቸውና። ልጁ ሌሊት ሌሊት የሚያስል፣ ሲሮጥ ደረቱ የሚያፏጭ ከሆነ ለማስነጠሱ ብቻ መድኃኒት መስጠት አይበቃም። ሲተነፍስ የጎድኑ አጥንቶች መካከል ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ ቃል ጨርሶ መናገር የሚያቅተው ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ልጅ ነገ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

የሆጤው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ፣ ሣሩ ሳያብብ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ የአፍንጫውን መድኃኒት ጀመረ። እናቲቱም ልብሱን ሣር ላይ ማስጣቱን ተወች። ማስነጠሱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ ያስነጥሰዋል፣ ከዚያ ደብተሩን ይዞ ይሄዳል። መምህሩም ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጠውታል። እናቲቱ ሲያድግ ይተወው እንደ ሆነ ጠይቃኝ ነበር። ለአንዳንዱ በጉርምስና ጊዜ እንደሚቀንስ፣ ለአንዳንዱም እንደ ቦስቶክ እስከ እርጅና እንደሚከተል ነገርኋት። «እንግዲያስ የነሐሴን መጨረሻ አልረሳም» አለችና ጠርሙሱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።